አሥራ አራት ቁጥር

ቱርኩ፣ የኅዳር ሌሊት፤ የአውራ ወንዝ ጠቁሯል፣
በረዶው አልጣለም፣ ዝናቡ ግን መርሯል።
ቱሊኪ ሳሎኔን ካርዷን አስጠግታ
ነጭ ካባ ደርባ፣ ጫማዋን ፈትታ
ገባች ከቀይ መብራት፤
አይጥ ቀይ አያይም፣ ጨለማ ነው ለርሱ፣ የሥራው ሰዓት።

ሠላሳ ሁለት ሣጥን፣ ሠላሳ ሁለት ልብ፣
ሠላሳ ሁለት ሆድ፣ ማታ የሚራብ።
ከሁሉ የምታውቀው
ጆሮው ጫፍ የተበሳው
አሥራ አራት ቁጥር ነው።
ዘቢብ ይወዳል እሱ። መዝገቡ ላይ የለም፣
ዶክተር ኑርሚላ እንኳ ሰምታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ሆድ ባዶ ሲሆን ዝም አይልም፣ ይጽፋል፤
ከጨጓራ ግድግዳ ቀጭን መልእክት ያልፋል።
ግሬሊን ይሏታል፤ ሃያ ስምንት ፍሬ፣ በአንድ ክር የተሰካች፣
በደም ጎርፍ ተሳፍራ አንጎል ደጅ የደረሰች።
ከጥልቁ፣ ከሥሩ፣ ዶፓሚን ካለበት
በር ታንኳኳለች፦ «ተነሥ! ውጣ! ፈልግ!» እስኪከፈትላት።

ዶፓሚን ደስታ አይደለም፣ ሰው እንዲያ ቢለውም፤
የደስታን ዱካ ያነፈንፋል እንጂ ራሱ አይቀምሰውም።
እናም አይጡ ወጥቶ፣ እህል ፍለጋ፣ በጨለማው ሲሄድ
አልኮል ያገኛል በመንገድ፤
ለእህል የተጻፈችው ያች ትንሽ ደብዳቤ
አድራሻዋን ስታ ጠርሙስ ደጅ ታድራለች።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል የኛ ሰው፤
እዚህ ግን ተገለበጠ፤ ብቅሉን የሚጠራው
ሆዱ ራሱ ነው፣ ያ ባዶው።

አንጀትም ይጽፋል፣ ሲጠግብ፣ ሌላ ቃል፤
«በቃህ፣ አረፍ በል» ብሎ በሩን ይዘጋል።
የዚያን ቃል ዘመድ ያገኙት፣ ቢነገር ማን ያምናል፣
ከበረሃ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ነው፤
በዓመት ጥቂት ቀን በልታ
ቀሪውን ስታዘግም ከምትኖር።

ሰኞ መርፌ። ማክሰኞ መርፌ። ረቡዕም።
የግሬሊንን በር የሚቀረቅር መድኃኒት።
ሁለት ክፍል አለ፣ አንዱ ባለ መስመር፣ አንዱ ነጭ፤
አሥራ አራት ቁጥር የሰከረው በመስመሩ ነው፣
ባለፈው ሳምንት፣ በሩ ገና ሲከፈት
ደወል እንደሰማ ተማሪ ነበር የሚሮጥለት።
ዛሬ መሐል ቆመ። ጢሙን ጠረገ።
ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ፤
ክፍሉ ሁሉ ክፍል ብቻ ሆነበት።

ቱሊኪ ጻፈች፦ «ምርጫ አላሳየም»።
ዶክተር ኑርሚላ በስልክ «ግሩም!» አለች፣ «ግሩም!»
ወደ ሣጥኑ ሲመለስ ዘቢብ ዘረጋችለት፤
አሸተተው። ተወው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረበት።

እጇ አየር ላይ ቀረ።
ጥማቱን ወሰድንለት፤ ከጥማቱ ጋር ምን ሄደ?
አንጀቷ ተላወሰ፤
መሣሪያው ይህን አይለካም።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ኤንሲዮ ነው፣ ወንድሟ፣
ከራውማ፤ ሲሰክር ነው ትዝ የሚለው ስሟ።
ሁለት ዓመት ሆኗታል ካነሣችለት፤
«ወኔ የለህም፣ ሌላ አይደለም» ብላ ነበር የዘጋችበት።

ምን ልትለው ነው አሁን? «ተው»? ስንቴ ብላዋለች።
ያልተነካችውን ዘቢብ አየች።
ቁልፉን ተጫነች።

«ኤንሲዮ።»
ዝናብ። የሱ ትንፋሽ።
«ኤንሲዮ፣ እራት በልተሃል?»

ቆየ።
«ከትናንት ወዲህ» አለ፣ «እኔ እንጃ።»

«ድንች አለህ? እንግዲያው ላጥ» አለችው፤
«አልዘጋም፣ እዚሁ ነኝ፤
ስልኩን ከጎንህ አኑረው፣
ቢላውን ልስማው።»